ብሎን ስለ ገባ ልክ ነው ማለት አይደለም



ሞተር ሲታደስ ክርክር የሚነሣው በፒስተኑ፣ በኩሽኔታው፣ በጋስኬቱ ነው። ባለንብረቱ ዋጋ የሚጠይቀው፣ መካኒኩም ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ ሌላ ብሎ የሚያማክረው በእነዚህ ላይ ነው። ስለ ብሎን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። አሮጌው ከተሰበረ ወይም ጥርሱ ካለቀ ከጣሳ ውስጥ መሳዩ ይፈለጋል፤ ከጠፋ አንድ ልጅ ወደ ሱቅ ይላካል፤ የመጣው ብሎን ቀዳዳው ውስጥ ከገባና ከጠበቀ ጉዳዩ ተዘጋ። ዛሬ የምሟገተው ይህን «ገባ፣ ጠበቀ፣ አለቀ» የሚለውን አሠራር ነው። ለሞተር የሚመረጥ ምትክ ብሎን ልክነቱ የሚታወቀው በመግባቱ አይደለም። የሞተሩ ሠሪ ከመጀመሪያው ብሎን የጠበቀውን የመጭመቅ ኃይል በዚያው መጠን፣ በዚያው ሙቀትና ንዝረት ውስጥ መልሶ መስጠት ከቻለ ብቻ ነው ልክ የሚሆነው።

ከመሠረቱ እንጀምር። ብሎን በሁለት አካላት መሃል ገብቶ የሚያቆራኛቸው ዘንግ ብቻ ይመስለናል፤ ሥራው ግን ከዚህ ይረቃል። ስናጠብቀው ብረቱ በርዝመቱ ይሳባል፤ ተስቦም ወደ ነበረበት ለመመለስ ይታገላል። ሁለቱን አካላት አጣብቆ የሚይዛቸው ያ ትግል ነው። በበቅሎ ጀርባ ላይ ጭነት የሚያስር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጭነቱን የሚይዝለት የገመዱ ውጥረት ነው፣ ወፍራም ገመድም ላልቶ ከታሰረ ዳገቱ ሳያልቅ ጭነቱ ይንሸራተታል። በሞተር ብሎን ላይ ይህ መሳብ በዓይን አይታይም። 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ብሎን በ700 ሜጋ ፓስካል ውጥረት ሲያዝ የሚረዝመው በ0.34 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የሚሳበው ክፍሉ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ አጭር ብሎን ደግሞ በዚያው ውጥረት ከ0.07 ሚሊ ሜትር አያልፍም። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልብ በሉልኝ። ሞተር እየሞቀ ሲቀዘቅዝ ጋስኬቱ ጥቂት ይተኛል፤ ከብሎኑ ራስ ሥር የቀረ ቀለም ወይም ዝገት ይደቅቃል፤ የተገናኙት ገጾች ሸካራነታቸው ይተኛል። የዚህ ሁሉ ድምር 0.03 ሚሊ ሜትር ቢሆን ረጅሙ ብሎን ከውጥረቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል፤ አጭሩ ግን ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ያጣል። የቴስታታ ብሎኖች ረጅም፣ አንዳንዶቹም ወገባቸው ቀጭን ሆነው የሚሠሩት ብረት ለመቆጠብ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ብዙ እንዲሳቡና ትንሿ መተኛት ውጥረታቸውን እንዳትወስድባቸው ነው። ወገበ ቀጭኑን አውጥቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ያለውን የሚያስገባ ሰው ሞተሩን ያጠናከረ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን መለጠጥ የሚችለውን መለጠጥ በማይችል መተካት ነው።

ይህ ውጥረት የሚጠበቅበትን ሥራ በቁጥር እንየው። በያሪስና በአንዳንድ ቪትዞች ላይ የምናውቀው የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር 1,497 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 75 ሚሊ ሜትር ነው። በእንዲህ ያለ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ሲነድ ግፊቱ 60 ባር ይደርሳል ብለን ብናሰላ፣ ቴስታታውን ከብሎኩ ለማንሣት የሚገፋው ኃይል በአንድ ሲሊንደር ብቻ ከ2.5 ቶን ክብደት ይበልጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ይህ ግፊያ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ 25 ጊዜ ይመላለሳል። ቴስታታውን ይዘው የሚቋቋሙት 10 ብሎኖች ናቸው። በዘመናዊ ባለ ተርቦ ናፍጣ ሞተሮች ግፊቱ ከ150 ባር ሊያልፍ ይችላል፤ የሲሊንደሩ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግፊያው ወደ 10 ቶን ይጠጋል። ታች ያሉት የቢዬላ ብሎኖችም ከዚህ ያነሰ ፈተና የለባቸውም። ከነተጓዳኙ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፒስተን በ6,000 ዙር ወደ ላይ ወጥቶ ሲመለስ ብሎኖቹን ከ1 ቶን በላይ በሆነ ኃይል ይጎትታቸዋል። እዚህ ላይ የውጥረት ጥቅም ጎልቶ ይወጣል። በሚገባ የተወጠረ ብሎን ከዚህ መጎተት የሚደርስበት ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የተጨመቁት አካላት ይቀበሉለታል። ያልተወጠረ ብሎን ግን ሙሉውን ይሸከማል፤ በየዙሩ እየተሳበና እየተለቀቀ ብረቱ ይደክማል፤ ከመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ግርጌ የማትታይ ስንጥቅ ትጀምራለች፤ አንድ ቀን ጭነት ሳይበዛበት ይበጠሳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ጌርሃርድ ዩንከር እ.ኤ.አ. በ1969 ይፋ ባደረገው ሙከራ ደግሞ የተያያዙት አካላት ጎን ለጎን መንሸራተት ከቻሉ ብሎን ራሱን በራሱ እንደሚፈታ አሳይቷል። መንሸራተቱን የሚከለክለው የመጭመቅ ኃይሉ ነው። ተሰንጥቃ የምትታየው የስፕሪንግ ሮንዴላ በዚህ ዓይነት ሙከራ ብዙም አልረዳችም፤ በየጋራዡ ግን ዛሬም እንደ ዋስትና ትቆጠራለች።

ምርጫው መበላሸት የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ገና ከአጠራሩ ነው። ብሎን በመፍቻው ቁጥር ይጠራል፤ «የ14 ብሎን አምጣ» ይባላል። ነገር ግን 14 የብሎኑ ራስ ስፋት ነው፣ ስለ ውፍረቱ የሚነግረን ነገር የለም። በጃፓን መኪና ላይ 14 መፍቻ የሚይዘው ብሎን በአብዛኛው ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያው ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን በአይኤስኦ ደረጃ ሲሠራ 16፣ በቀድሞው የጀርመን ዲን ደረጃ 17 መፍቻ ይፈልጋል። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩም በጃፓኖቹ 12፣ በአውሮፓውያኑ 13 ነው። እናም በመፍቻ ቁጥር የተላከ ልጅ የሌላ ውፍረት ብሎን ይዞ ቢመለስ ጥፋቱ የልጁ አይደለም። ውፍረቱ ቢታወቅ እንኳ የጥርሱ ርቀት ይቀራል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5፣ 1.25 ወይም 1 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። በተለመደው የብረታ ብረት ሱቅ ቶሎ የሚገኘው 1.5 ነው፤ የጃፓን ሞተር ግን በብዛት 1.25 ይጠቀማል። የተሳሳተው ጥርስ ሁለት ሦስት ዙር በጣት ይገባል፤ ከዚያ ይይዛል። ልብ ያለው መካኒክ እዚያ ላይ ያቆማል። የቸኮለው መፍቻ ይጨምርበታል፤ መፍቻውም እየከበደ ይሄዳል፤ እጁ ላይ የሚሰማው ክብደት መጥበቅ ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የአሉሚኒየሙን ጥርስ እየላጨ ነው።

ርዝመትም እንዲሁ በዋዛ አይታለፍም። ብሎኑ ከሚገባው በላይ ረዝሞ የቀዳዳውን መጨረሻ ከነካ መፍቻው ይጠብቃል፣ ራሱ ግን የሚይዘውን አካል አልጨመቀም። ቀዳዳው ከውኃ መተላለፊያው የሚለየው ስስ ግድግዳ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሊበሳው ይችላል። ካጠረ ጥቂት ጥርሶች ብቻ ይነክሳሉ። በማንኛውም ብሎን ላይ የመጀመሪያው የነከሰ ጥርስ ብቻውን ከጭነቱ ወደ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋውን ይሸከማል፤ ለዚህም ነው አሉሚኒየም ውስጥ የሚገባ ብሎን ከውፍረቱ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል መንከስ ያለበት። አንድ ሮንዴላ መጨመር ወይም መቀነስ ይህን ስሌት ይለውጠዋል። በታችኛው ጫፉ ዝግ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ቀርቶ ብሎን ማጥበቅም ከዚህ የማይተናነስ አደጋ አለው፤ ፈሳሽ አይጨመቅምና ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ብሎንን በዓይን ማመሳሰል ምን ያህል እንደሚያሳስት በዝርዝር ተመርምሮ የተመዘገበ አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ወደ ስፔኗ ማላጋ ሲያመራ፣ በ17,300 ጫማ ከፍታ ላይ የአብራሪው የፊት መስታወት ተነቅሎ ሄደ። ዋና አብራሪው ቲም ላንካስተር ከወገቡ በላይ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተሳበ፤ የበረራ ሠራተኞቹ እግሩን ጨብጠው ያዙት፤ ረዳት አብራሪው አውሮፕላኑን ሳውዝሃምፕተን አሳረፈ፤ ላንካስተርም በሕይወት ተረፈ። መስታወቱ የተቀየረው ከበረራው 27 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ነበር። ይዘውት ከነበሩት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚገባው በ0.66 ሚሊ ሜትር የቀጠኑ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩት 6ቱ ውፍረታቸው ልክ ነበር፣ ርዝመታቸው ግን በ2.5 ሚሊ ሜትር ያንስ ነበር። ሥራውን የሠራው ሰው ልምድ ያለው የፈረቃ ኃላፊ ነው። የክፍሉን ዝርዝር መዝገብ ከፍቶ ቁጥሩን አላነበበም፤ ካወጣው አሮጌ ብሎን ጋር አዲሱን ጎን ለጎን አስተያየው። የብሎኑና የመያዣው የጥርስ ርቀት አንድ ስለ ነበር ቀጭኑ ብሎን እንደ ትክክለኛው ተሽከርክሮ ገባ። ሲያጠብቅም ጥርሱ እያመለጠ የሰጠው ስሜት፣ መፍቻው የተወሰነለት ልክ ላይ ሲደርስ ከሚሰጠው ምልክት ጋር ተመሳሰለበት። ገባ፤ ጠበቀ፤ ያለቀም መሰለ።

«ያ አውሮፕላን ነው፤ እኛ የምናወራው ስለ ሚኒባስና ስለ ኮሮላ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ የመኪና ሞተር ቢበላሽ በአብዛኛው የሚቆመው መንገድ ዳር ነው። ነገር ግን ማስረጃውን ያመጣሁት የአደጋውን ክብደት ለማመሳሰል አይደለም። ሰውየው የተጓዘበት የአስተሳሰብ መንገድ በየቀኑ በየጋራዡ የሚኬድበት መሆኑን ለማሳየት ነው፤ አሮጌው መስፈርት ሆነ፣ ዓይን መለኪያ ሆነ፣ የእጅ ስሜት ማረጋገጫ ሆነ። ደግሞም 0.66 ሚሊ ሜትርን ለአብራሪ ሕይወት ኃላፊነት ያለበት ባለሙያ ዓይን ካልያዘው፣ በ1.25 እና በ1.5 ጥርስ መካከል ያለውን የሩብ ሚሊ ሜትር ልዩነት የማን ዓይን ይይዘዋል? ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ የምርመራው ክፍል ግን ሌላ ነው። ከመስታወቱ የወጡት አሮጌ ብሎኖች ራሳቸው ልክ አልነበሩም፤ ከሚገባው ያጠሩ ነበሩ፤ ለዓመታት ግን ይዘው ቆይተዋል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ትክክለኛውን ቁጥር ነግሮት ነበር፤ ሰውየው ግን የነበረው ከሠራ እሱኑ ልመልስ አለ። «አሮጌው ብሎን ሲሠራ ኖሯል» ለሚለው ተቃውሞ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ሞተሩ ውስጥ ያገኘነው ብሎን ቀደም ሲል የነካው እጅ ያስገባው ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ለተፈታ ሞተር፣ እንደ አብዛኞቹ የእኛ መኪኖች፣ ከቀዳዳው የወጣው ብሎን ጥርጣሬ ይገባዋል፤ ምስክር መሆን የሚችለው የሠሪው ዝርዝር ነው።

አሁን ወደ ጥንካሬ እንምጣ፤ ትልቁ ግራ መጋባት እዚህ ነው። በብሎን ራስ ላይ 8.8፣ 10.9 ወይም 12.9 ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ቁጥር በ100 ሲባዛ ብረቱ እስኪበጠስ የሚችለውን ውጥረት በሜጋ ፓስካል ይሰጣል፤ ሁለተኛው ከዚያ ውስጥ ስንት አሥረኛው ላይ ሲደርስ ተስቦ እንደሚቀር፣ ማለትም ወደ ርዝመቱ እንደማይመለስ ይነግረናል። 8.8 ማለት በ800 የሚበጠስ፣ በ640 ተስቦ የሚቀር ማለት ነው፤ 10.9 በ1,000 እና በ900 ነው። በቶዮታ ብሎኖች ላይ ደግሞ 4፣ 7፣ 8፣ 11 የመሳሰለ ነጠላ ቁጥር ይታያል፤ 7 ማለት በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 70 ኪሎ ግራም የሚችል ነው፤ ይህ ወደ 690 ሜጋ ፓስካል ይመጣል። በአሜሪካ ደረጃ ሦስት ጭረት ክፍል 5፣ ስድስት ጭረት ክፍል 8 ነው። የማይዝግ ብሎን የሚያብረቀርቅ ስለ ሆነ ብርቱ ይመስላል፤ ኤ2-70 የሚል ምልክት ያለው ግን በ450 ገደማ ተስቦ ይቀራል፣ ከተራው 8.8 በግልጽ የደከመ ነው፤ ሲጠብቅም ጥርሱ እርስ በርሱ ተላልጦ ሊጣበቅ ይችላል። ምንም ምልክት የሌለበትን ብሎን በሞተር ውስጥ ባለ ዋና ቦታ ላይ ማስገባት አይገባም፤ በዚህ ላይ ድርድር አልቀበልም።

ታዲያ «ከደከመው ጠንካራው ይሻላል፤ 10.9 በነበረበት 12.9 ባስገባ ምን ይጎዳል?» ይባላል። ጥያቄው ቀና ነው፤ ብዙ ጥሩ መካኒክም ያምንበታል። ሁለት ነገር እንይ። በኒውተን ሜትር ብቻ የሚጠብቅ ብሎን ከሆነ፣ በዚያው ልክ የጠበቀው 12.9 የሚሰጠው የመጭመቅ ኃይል ከ10.9 ጋር ያው ነው፤ ብረት በብርታቱ ቢለያይም በመለጠጡ አይለያይም። የበለጠ ይያዝ ተብሎ ከልኩ በላይ ከጠበቀ ደግሞ የሚሸነፈው ብሎኩ ነው። በካምሪ ላይ የሚገኘው የ2ኤዜድ-ኤፍኢ ሞተር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው፤ በተወሰኑ ዓመታት ምርቶቹ ላይ የቴስታታ ብሎኖቹ ሳይበጠሱ ጥርሳቸው ከአሉሚኒየሙ ብሎክ እየተነቀለ ይወጣ ነበር፤ መፍትሔ የሆነውም ቀዳዳውን አስፍቶ የብረት ጥርስ ማስገባት ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ብሎኑን ማበርታት ደካማውን ክፍል ይበልጥ ማስጨነቅ ነው። ሁለተኛው ጉዳይ የብረቱ ጥንካሬ ራሱ የሚያመጣው ተሰባሪነት ነው። እጅግ የጠነከረ ብረት በዚንክ ሲለበጥ ወይም ለዝገት ሲጋለጥ ሃይድሮጂን ወደ ውስጡ ይሰርጋል፤ ከዚያ በውጥረት ሳለ ያለ ማስጠንቀቂያ ይበጠሳል። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 በሳን ፍራንሲስኮና በኦክላንድ መካከል ባለው አዲስ ድልድይ ላይ ከ96 ወፋፍራም በዚንክ የተለበጡ የብረት ዘንጎች 32ቱ ከተወጠሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተበጥሰው የተገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ተራ ለባጭ ሱቅ አስለብጦ ያሳመረውን 12.9 ብሎን ቢዬላ ላይ የሚያስገባ ሰው ይህን ይወቅ።

በዲግሪ የሚጠብቁ ብሎኖች ላይ ስሕተቱ የባሰ ይሆናል። የ1ኤንዜድ ቴስታታ ብሎን መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር ይያዛል፤ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ ቀጥሎም ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራል። ይህ አሠራር ሆን ብሎ ብሎኑን ተስቦ ወደሚቀርበት ወሰን ያስጠጋዋል፤ አንዳንዶቹን ከወሰኑም አልፎ ይወስዳቸዋል። እዚያ ከተደረሰ በኋላ የመጭመቅ ኃይሉን የሚወስነው የእጅ ጉልበት አይደለም፤ የብረቱ ዓይነትና የወገቡ ውፍረት ነው። ስለዚህ ደካማ ብሎን በተመሳሳይ ዲግሪ ሲዞር ቀድሞ ይሸነፍና ከሚፈለገው ያነሰ ይጨምቃል፤ ጠንካራው ደግሞ ሳይሸነፍ ይቀጥልና ሠሪው ካሰበው በላይ ይጨምቃል። ሁለቱም 90 ዲግሪውን በትክክል ዞረዋል፤ ሁለቱም ልክ አይደሉም። አንዳንድ ሠሪዎች እንዲህ ያሉ ብሎኖች አንዴ ከተፈቱ ይጣሉ ይላሉ፤ ሌሎች ርዝመታቸው ወይም የወገባቸው ውፍረት ተለክቶ ከወሰኑ ካላለፈ እንዲመለሱ ይፈቅዳሉ። የትኛው እንደሆነ መመሪያው ይናገራል፤ መገመት አያስፈልግም። መመሪያ ከታጣ አዲስ መግዛት ነው።

«እጄ ያውቃል፤ ሠላሳ ዓመት ያለ ቶርክ መፍቻ ሠርቻለሁ» የሚሉ አንጋፋ ባለሙያዎች አሉን። ሙያቸውን አከብራለሁ፤ በድምፅ ብቻ በሽታ የሚለዩ ናቸው። ነገር ግን እጅ የሚሰማው የመፍቻውን ክብደት ነው፣ የብሎኑን ውጥረት አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ሰበቃ ገብቷል። ከምናወጣው ጉልበት ግማሽ ያህሉ በብሎኑ ራስ ሥር፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሶቹ መካከል በሰበቃ ይበላል፤ ብሎኑን የሚስበው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን በ50 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ፣ ጥርሱ ደረቅ ከሆነ ወደ 25 ኪሎ ኒውተን ይጨምቃል፤ ዘይት ከተቀባ ወደ 35 ሊወጣ ይችላል። መፍቻው ላይ የሚሰማው ክብደት ግን በሁለቱም አንድ ነው። ከዚህ ተነሥቼ የምለው ምትክ ብሎን ሲመረጥ ልባጡም አብሮ ይመረጣል ነው፤ ጥቁሩ ብሎን በነበረበት የተለበጠ ሲገባ፣ ወይም መመሪያው ዘይት ቀቡ ሲል ደረቁን ስናስገባ፣ የብሎኑን ቁጥር ብናስተካክልም ውጤቱን ቀይረነዋል።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይቀራል፤ እሱም ኪስ ነው። ኦሪጅናል ብሎን ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይገኝም፣ መኪናው ቆሞ ባለንብረቱ እንጀራው ይቋረጣል። ይህን የሚል ሰው ሐሰት አልተናገረም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሁን ያሉት ሞተሮች ገና ለብዙ ዓመታት እየታደሱ እንዲያገለግሉ ይጠበቃል፤ በየእድሳቱ የሚገባው ብሎን ከቀድሞው ይበልጥ ቁም ነገር ሆኗል። መልሴ ሁሉም ብሎን ኦሪጅናል ይሁን አይደለም። የዘይት ገንዳውን ክዳን የሚይዝ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን በልኩ ከተመረጠ ከታመነ ሱቅ ቢገዛ ጉዳት የለውም። ቴስታታው፣ ቢዬላው፣ የክራንክ ሻፍቱ ኩሽኔታ ክዳኖች፣ ፍላይዊሉ ግን በሠሪው የክፍል ቁጥር መገዛት አለባቸው። የእነዚህ ዋጋ ሲሰላ የሚነጻጸረው ከሱቁ ብሎን ጋር መሆን የለበትም፤ ከጋስኬቱ፣ ከቴስታታው መላጫና ሞተሩን ዳግም ለመፍታት ከሚከፈለው ጋር ነው።

ከሶማሌ ተራ የሚገዛው ያገለገለ ብሎንስ? እዚህ ላይ ብዙዎች የማይስማሙበት አቋም አለኝ። በዲግሪ የማይጠብቅ ብሎን ከሆነ፣ ከዚያው ዓይነት ሞተር የወጣ፣ ርዝመቱ በካሊፐር የተለካ፣ ዳዶ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት የሚሄድበት ያገለገለ ኦሪጅናል፣ ከየት እንደ መጣ ከማይታወቅ አዲስ ብሎን ይሻላል። ዳዶው መሃል ላይ የሚይዝ ከሆነ ብሎኑ ተስቧል፤ ይጣል። አዲስነትና በራሱ ላይ የተጻፈ ቁጥር ብቻ እንደማያስተማምኑ ሀብታም አገሮችም አይተውታል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ገበያ ክፍል 8 የሚል ምልክት የተጻፈባቸው ብዙ ብሎኖች በሙቀት ጥንካሬያቸውን ቶሎ ከሚያጣ ከሌላ ብረት የተሠሩ ሆነው ተገኙ፤ ጉዳዩ ምክር ቤት ደርሶ በ1990 የብሎኖችን ጥራት የሚመለከት ሕግ ወጣ። ምልክቱ ያስፈልጋል፣ ምልክቱን ያተመው ፋብሪካ መለያም አብሮ መኖር አለበት፤ የፋብሪካ መለያ የሌለው 10.9 ባለቤት የሌለው ቃል ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። ነጋዴዎች፣ ብሎን በመፍቻ ቁጥር ለሚጠይቃችሁ ሰው ውፍረቱን፣ የጥርሱን ርቀት፣ ርዝመቱንና የጥንካሬ ክፍሉን መልሳችሁ ጠይቁት፤ የተለያየ ክፍል ያላቸውን በአንድ ሣጥን አትቀላቅሉ። የጋራዥ ባለቤቶች፣ አንድ ካሊፐር፣ አንድ የጥርስ መለኪያና አንድ ቶርክ መፍቻ ከመግዛታችሁ በፊት የሰው ሞተር አትክፈቱ። የሙያ መምህራን፣ ተማሪው ብሎን ማጥበቅ ከመማሩ በፊት የብሎን ራስ ማንበብን ይማር። ባለንብረቶች ደግሞ ሞተራችሁ ሲታደስ የሻንሲ ቁጥራችሁን ይዛችሁ የብሎኖቹን የክፍል ቁጥር አስወጡ፣ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፣ የወጡትንም አሮጌ ብሎኖች በእጃችሁ ተቀበሉ።